በድንች አገር የቀናሁበት ቃል

እንጅባራን ያላያችሁ የጃዊ ሰዎች፣ ምክሬን ከሰማችሁ አትሂዱ። የግድ ከሆነባችሁም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሂዱ። እኔ ለሥልጠና ብዬ ጥቂት ቀን ቆይቼ ብመለስ ይኸው የገዛ ቤቴ አላስቀምጥ ብሎኛል። ሙቀቱ ያው የድሮው ሙቀት ነው። ድሮ ግን እኛ ስንቃጠል ሌላው ጋቢ ደርቦ እንደሚተኛ በዓይኔ አላየሁም ነበር።

ነርስ ነኝ። በጃዊ ቆላ በአንዲት ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትባት የምሰጠው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ስለሚለኝ ሙሉ የሚለውን ስሜን ራሴም እረሳዋለሁ።

ነገሩ የሚነሳው ከመሄዴ በፊት ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። ኅዳር ነበር። ሰሊጥ የሚያጭዱ የቀን ሠራተኞች ከደጋ ወርደው እርሻው ዳር በላስቲክ ድንኳን ሰፍረዋል። ከድንኳኖቹ ሁለት ሕፃናት ዓይናቸው ቀልቶ፣ ፊታቸው ሽፍታ አውጥቶ ወደ እኛ መጡ። ኩፍኝ ነው። የጎረቤቴ የብርቄ እርሻ ደግሞ ከድንኳኖቹ ጎን ነው፤ ትንሿን ልጇን ማስተዋልን አዝላ እዚያው ትውላለች። ማስተዋል በዘጠኝ ወሯ የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት ወስዳለች። በዓመት ከሦስት ወር የሚሰጠውን ሁለተኛውን ግን አልወሰደችም፣ ጊዜውም አልፏል።

«ብርቄ፣ ሳልሄድ አምጫት» አልኳት።

«ምን ልትሆን?»

«ሁለተኛውን ልትወጋ።»

«ሲስተር፣ ለታላቆቿ በዘጠኝ ወር ‹ጨረስሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ? የእሷ ምን ቢጎድል ነው የሚደገመው? ወይስ ያኛው መድኃኒት የተበላሸ ነበር?»

ያን ጊዜ መመሪያው እንደዚያ ነበር፤ አሁን ተጨምሮበታል። የመጀመሪያው ክትባት ብዙዎቹን ልጆች ይይዛል፣ ሁሉንም ግን አይዝም፤ ያመለጡትን የሚይዘው ሁለተኛው ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ብርቄ ግን «ጨረስሽ» የምትለዋን ቃል ይዛ ንቅንቅ አላለችም። እሷ ብቻ ብትሆን እሰየው ነበር። መንደሩ ሁሉ ልጁን በዘጠኝ ወር አስጨርሶ ቤቱ ገብቷል። በሁለተኛው ክትባት ቀን እኔና ዝንብ ብቻ ተፋጠን እንውላለን።

እንዲህ አፌ ደርቆ ሳለ ነው እንጅባራ የክትባት ሥልጠና አለ፣ አሠልጣኟም ሲስተር ትዕግሥት ናት የሚል ስልክ የመጣው። ትዕግሥት! እሷን ላስተዋውቃችሁ። ኮሌጅ አብረን ተምረናል፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል፣ የመድኃኒት አሰጣጥ ፈተና ላይ አንገቷን እንደ ሰጎን ወደ እኔ ወረቀት እያሰገገች አልፋለች። ስንመረቅ ምደባው በዕጣ ነበር። ተራው የእኔ ሆኖ ሳለ «ሙሉዬ፣ ልቤ ሊወጣ ነው፣ እኔ ልቅደም» አለችና ቀደመችኝ። እንጅባራ ደረሳት። ቀጥሎ እጄን ሳስገባ የወጣችልኝ ወረቀት ጃዊ ትላለች። ያቺን ወረቀት እስከ ዛሬ በሕልሜ አያታለሁ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ሰኞ ጠዋት ተነሳሁ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሹፌሩም፣ ከረዳቱም፣ ከመናኸሪያው ዘበኛም ጠይቄ ሚኒባሱ መጨረሻ ወንበር ላይ ተሰካሁ። ባዶ እጅ መሄድ ደግ አይደለምና ለትዕግሥት ሰሊጥ በፌስታል ቋጥሬ ይዣለሁ። ብቀናባትም ባለጌ አይደለሁም። አቧራው በመስኮቱም፣ በበሩም፣ ከእግራችንም ሥር ይገባል። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ዳንግላ እስክንደርስ አንዴ እንኳ ሳይነቁ ትከሻዬ ላይ ተኙ። በእንቅልፋቸውም ቀናሁ።

ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይለወጣል። መጀመሪያ ላቤ ደረቀ። ቀጥሎ ሰዎች መስኮት ዝጉ ማለት ጀመሩ። በእኛ አገር መስኮት ዝጉ ያለ ሰው ጤንነቱ ይመረመራል። ዳንግላ ስንገባ ነጠላዬን ተከናንቤ ነበር።

ዳንግላ የገበያ ከተማ ናት፤ ሰውም ዕቃም በጋሪ ይጓዛል። የጫነኝ ጋሪ ፈረሱ ጠግቦ ጀርባው ያበራል። የእኛ አህያ ጭድ ስታገኝ እልል የምትል ናት፣ ይሄ ሳር ያማርጣል። ባለ ጋሪው በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ረጅም ካፖርት የለበሱ ሰው ነበሩ። መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን ከጆሯችን ሥር ሲለቀው ፈረሱ በረገገና ጋሪው ዘለለ። ፌስታሌ ተተረተረ። ሰሊጡ በወለሉ፣ በቀሚሴ፣ በነጠላዬ፣ በጸጉሬ ሳይቀር ተዘራ።

«ወይኔ ሰሊጤ!» ብዬ ጮህኩ።

«አይዞሽ እቴ፣ እህል መሬት ቢነካ አይረክስም» አሉ ባለ ጋሪው። ወርደው ፈረሱን ያዝ አደረጉና ካፖርታቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ አነጠፉ። ከዚያ ሁለታችን ተንበርክከን በመዳፋችን ጠረግን። አንዷን ፍሬ አንስተው አኘኩና «የጃዊ ናት አይደል? እንዲህ ያለ ሰሊጥ የት ይገኛል! ታድላችኋል» አሉኝ። ልስቅም ላለቅስም ፈለግሁ። ጸሐይ እያቃጠለን ታድለን ሞተናል!

ማደሪያዬ ድረስም ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ለማደሪያው ባለቤት «ይቺ ልጅ የቆላ ናት፣ ነፋስ ከማይገባበት ክፍል አስተኚያት» ብለው አደራ ሰጥተው ሄዱ። ሴትየዋ ሁለት ብርድ ልብስ ስታመጣልኝ ሳቅሁባት። ራት ሽሮ በላሁና ተኛሁ፤ ብዙም ሳልቆይ ተነስቼ ሦስተኛ ለመንኳት። እሷም ሳትስቅብኝ ሰጠችኝ። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ቧንቧውን ብከፍተው ውኃ መጣ። ዘጋሁት። ደግሜ ከፈትሁት፣ ደግሞ መጣ። የእኛ ጤና ጣቢያ ውኃ በአህያ ጀርባ ነው የሚመጣው። ሦስተኛ ስከፍተው ሴትየዋ «ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ።

ማክሰኞ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በአስፋልት ሄድን። ግራ ቀኙ ሰው የተከለው፣ ዲከረንስ የሚሉት የግራር ዓይነት ደን ነው፣ በየመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ሰዎቹ መሬታቸው ላይ ዛፍ ይተክላሉ፣ ከሰል ያወጣሉ፣ ደግመው ይተክላሉ። እኛ ጋ ለጥላ የተተከለች ችግኝ ፍየል ሳታያት አትውልም። እንጅባራ ስንደርስ ጉሙ ገና አልተነሳም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወፍራም ጃኬት ለብሰው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ይሄዳሉ። እኔ በነጠላ ጫማ ነኝ። ጣቶቼ የማን እንደሆኑ መለየት አቃተኝ።

አዳራሹ በር ላይ ትዕግሥት ጠበቀችኝ። ወፍራለች፣ ቀልታለች፣ አምሮባታል፤ እግዜር ይይላት። «ሙሉዬ!» ብላ ጥምጥም ስትልብኝ ከነጠላዬ ሰሊጥ እየረገፈ ጥቁር ካፖርቷን አለበሰው። «ስጦታሽ ነው» አልኳትና የቀረውን ሰጠኋት።

ከፊት ቆማ ስታስተምር እኔ ከኋላ ተቀምጬ ስህተት እፈልግ ነበር። አላገኘሁም። ብዙውን የማውቀው ነው፣ ግን ስትናገረው ይጥማል። ክትባቱ ተቋርጦ የቆየ ልጅ ቢመጣ ካቆመበት ቀጥሉ፣ ከመጀመሪያ አትጀምሩ አለች። ካርዱ ጠፋ ብላችሁ፣ ወይም የሌላ ቀበሌ ልጅ ነው ብላችሁ እናት አትመልሱ። ልጅ ለሳልም ይምጣ ለተቅማጥ፣ የቀረው ክትባት ካለ ያኔውኑ ስጡ። አንድ ብልቃጥ የኩፍኝ መድኃኒት ለአሥር ልጅ ይበቃል፤ ግን የመጣው አንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱ።

እዚህ ላይ ከአጠገቤ ያለ ነርስ እጁን አወጣ። «ሲስተር፣ መድኃኒቱ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይጣላል። ለአንድ ልጅ ከፍቼ የዘጠኙን ስደፋ ነገ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«ብልቃጥ ይጣል፣ ልጅ አይጣል» አለች ትዕግሥት።

አዳራሹ «ልክ ነው!» ብሎ ተንጫጫ። ይቺን ከየት አመጣቻት? ስትኮርጅ የኖረች ልጅ! ቀጥላ የጤና ጣቢያዋን ሥራ ግድግዳው ላይ አሳየች። የመጀመሪያውን ኩፍኝ የወሰዱት ልጆች መስመርና የሁለተኛው መስመር ተያይዘው ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ጣት አይገባም። የእኔ ሁለት መስመሮች ቢሳሉ በመካከላቸው ጋሪ ያልፋል። ዓይኔ ደም ለበሰ። ፍሪጅ ስላላት ነው፣ መንገድ ስላላት ነው፣ አየሩ ስለተመቻት ነው እያልኩ ለራሴ አወራሁ። ሻይ ሰዓት ላይ ግን መቻል አቃተኝና ጎትቼ ያዝኳት።

«ምን ብለሽ ነው ሁለተኛ የምታመጫቸው?»

«እኔ ምንም አልልም፣ ራሳቸው ይመጣሉ» አለች።

ራሳቸው ይመጣሉ! እንዲህ ያለውን መልስ ከጠላቴም አልጠብቅ።

ያደርኩት እሷው ቤት ነው። የባሏ እናት እትዬ አንጓች የአገሩ ሰው ናቸው፤ ከጎረቤት በአገውኛ፣ ከእኛ በአማርኛ ያወራሉ፣ ቶሎ ቶሎ ሲናገሩ ሁለቱን ይቀላቅሉታል። ከቤታቸው ጀርባ ድንች አላቸው። የቀርከሃ ወንበር አቀረቡልኝና እግሬን ሲያዩ ደነገጡ።

«ልጄ፣ በዚህ ጫማ ነው የመጣሽ? ሰው እግሩን ከሌላ ተውሶ ነው እንዴ?»

«በእኛ አገር ይበቃል፣ እትዬ።»

«እዚህ አይበቃም» አሉና የልጃቸውን የሱፍ ካልሲ አምጥተው ራሳቸው ጎንበስ ብለው ሊያለብሱኝ ሲሉ ከእጃቸው ነጠቅሁ። ነጠላዬንም ከላዬ ወስደው ደጅ ላይ አራገፉት። ሰሊጡ ደጃፋቸው ላይ ተበተነ። «ዶሮ ይለቅመዋል» አሉ። ራት የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣና በቅቤ ነበር። ድንቹ አፍ ውስጥ ይሟሟል። እኛ ጋ ድንች የሚደርሰው በጆንያ ታፍኖ፣ ግማሹ በስብሶ ነው፤ ያንን ድንች ስንለው ኖረናል።

ረቡዕ ተግባራዊ ትምህርት ተብሎ ወደ ጥሊሊ አቅጣጫ ወዳለች አንዲት የገጠር ጤና ኬላ ወጣን። ዘንገና ሐይቅን ከመኪናው መስኮት አየሁት፤ ያምራል፣ እሱም የእነሱ ነው። ሣሩ ላይ ውርጭ ተኝቷል። ጠዋት ነጠላዬን ስለብስ ዛሬም ሰሊጥ ረግፏል፤ እትዬ አንጓች «ትናንት አራግፌው አልነበር እንዴ?» ብለው ተገረሙ።

ጤና ኬላው ደጅ ላይ እናቶች ሞልተዋል። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም ቤት ለቤት አልሄደም። ግማሾቹ የያዟቸው ልጆች ቆመው የሚሄዱ ናቸው፣ ማለት ለሁለተኛው የመጡ። ተራ ስትጠብቅ የነበረች አንዲት እናት ጓደኛዋን «ትልቋን አስታቀፍሻት?» ስትላት ሰማሁ። ያቺኛዋ «ባለፈው ወር አስታቅፌያታለሁ፣ ይሄኛውን ነው ያመጣሁት» አለች። ልጅቷን ለሰው ሰጥታ መጣች ብዬ ነው የገባኝ። ቀጥሎ ሌላዋ ወደ እኔ መጣችና «ሲስተር፣ የእኔንም አስታቅፊልኝ» አለችኝ። እጄን ዘርግቼ ልጇን ተቀበልኳትና ታቀፍኩት። እናትየዋ ግራ ገብቷት ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ፣ ልጁ ያለቅሳል።

ትዕግሥት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጠረጴዛውን ተደገፈች።

«ምን ያስቅሻል?» አልኳት።

«ሙሉዬ፣ እዚህ ሁሉም ድንች ነው የሚያበቅለው። ድንች ተተክሎ አይተውም። ሲበቅል ዙሪያውን አፈር ይታቀፋል፣ አለዚያ ከሥር ያፈራው ጸሐይ ነክቶት አረንጓዴ ይሆናል፣ ምግብም አይሆንም። ‹ድንቼን አስታቀፍኩ› ይላሉ። አንድ ቀን ሁለት እናቶች ተራ ሲጠብቁ የዘጠኝ ወሩን መትከል፣ የዓመት ከሦስት ወሩን ማስታቀፍ ብለው ሲቀልዱ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ‹ጨረስሽ› የሚለውን ቃል ተውኩት። ለእናት ‹ተክለሻል፣ ታስታቅፊያለሽ› ነው የምላት። ድንቹን ሳያስታቅፍ የሚተው ሰነፍ ይባላልና አንዷም አትቀርም።»

ፍሪጅ አይደለም። መንገድም አይደለም። ቃል ነው። በፍሪጅ ብቀና ለወረዳው ማመልከቻ እጽፍ ነበር፤ በቃል የቀና ሰው ለማን ያመለክታል?

«ውሰጂው፣ የእኔም አይደለም» አለችኝ። ቸርነቷ ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ። አሁንስ እንኳ ብትሰስት ምን ነበረበት!

ከመመለሳችን በፊት ዘግየት ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የጎደሉኝ ልጆች ግን አሉ» አለች። ልቤ ደስ ሊለው ሲል ቀጠለች። «እናቶቻቸው ለሰሊጥ ወደ አንቺ አገር የወረዱ ናቸው። ካርድ የለንም ቢሉሽ አደራ፣ እንዳትመልሻቸው።» ዓይናቸው የቀላው ሁለት ሕፃናት ትዝ አሉኝ። ደስታዬ ከጉሮሮዬ ሳይወርድ ቀረ።

ሐሙስ ስነሳ እትዬ አንጓች አንድ ትልቅ ከረጢት ድንች አስረው ጠበቁኝ። እንቢ ብል «ይሄ የእጄ ነው፣ አታሳፍሪኝ» አሉ፣ ካልሲውንም መልሼ እንዳላወልቅ አስማሉኝ። መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። እንጅባራ ከኋላዬ ሲቀር ዞሬ አላየሁም፣ አንገቴ እንዳይቀር ፈርቼ።

ዳንግላ ስደርስ ያው ባለ ጋሪ አገኙኝ። «እቴ፣ ሰሊጥሽ እስከ ዛሬ ከጋሪዬ ሳንቃ መሃል እየረገፈ ነው፤ ወፍ ተከትሎ ገደለኝ» ብለው ሳቁ። ድንቹን አንስተው ወደ ጃዊ የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ጫኑልኝ። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ እቅፍ አደረገኝ። መጀመሪያ ካልሲውን አወለቅሁ፣ መሐላው የደጋ ነው ብዬ።

ቤቴ ስደርስ የሰማሁት ወሬ መልካም አልነበረም። ከድንኳኖቹ ከታመሙት ሕፃናት አንዱ ሳንባው ተይዞ ትንፋሽ አጥሮት ወደ ዳንግላ ተልኳል። ምናልባት መንገድ ላይ ተላልፈናል። ሌሎችም ትኩሳት ጀምሯቸዋል። ብርቄ ዛሬም ማስተዋልን ይዛ እርሻ ናት።

ዓርብ ጠዋት ድንች በፌስታል፣ የትዕግሥትን ቃል በአፌ ይዤ ወደ እርሻዋ ሄድኩ። ብርቄ የደረቀውን የሰሊጥ ነዶ ሸራ ላይ ዘቅዝቃ በዱላ ትመታለች። ማስተዋል ሸራው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፍሬ ትለቅማለች። ድንኳኖቹ ከዚያው ናቸው፣ ሳል ይሰማል።

ድንቹን ሰጠኋት። አመሰገነችኝ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ልክ እንደ ትዕግሥት ፈገግ ብዬ «ብርቄ፣ ማስተዋልን አስታቅፊያት እንጂ» አልኳት።

«እሺ» አለችና ልጅቷን አንስታ ጭኔ ላይ ቁጭ አደረገቻት።

«እንደሱ ማለቴ አይደለም!» የድንቹን ነገር ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋት፤ መትከሉን፣ አፈሩን፣ አረንጓዴውን። አዳምጣኝ አዳምጣኝ፣ ስጨርስ ዱላዋን ጥላ ሳቀች። «ሲስተር፣ ልጄ ድንች ናት እንዴ? ሰው ምን አብልቶ ላከሽ?»

የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይሄ ነው። አራት ቀን ደክሜ ያመጣሁት ቃል እግሬ ሥር ወደቀ። ተናደድኩ። ማስተዋል የነጠላዬን ጫፍ ታኝካለች። ብርቄ ደግሞ ቀደም ብላ መትታ ወደ ጎን ያስቀመጠችውን ባዶ ነዶ መልሳ ማንሳት ጀመረች። ንዴቴን የምወጣበት ሳገኝ ጊዜ ለቀቅሁባት።

«እሱን እኮ አራግፈሽዋል! ጨርሰሻል። በዚህ ሙቀት ምን ያደክምሻል?»

«ምን ጨረስሽ ትይኛለሽ?» አለች ነዶውን እየዘቀዘቀች። «ይሄን ሁሉ ዓመት ጃዊ ኖረሽ ሰሊጥ አታውቂም? መጀመሪያ ሲመታ የሚወርደው የተከፈተው ነው። ያልተከፈተው ውስጡ እንደያዘ ይቀራል። ጸሐይ ያገኘውና ይከፈታል፣ ከዚያ ይደገማል። አንዴ አራግፎ ጨረስኩ የሚል ሞኝ ነው፣ ግማሹን ለወፍ…»

ዱላዋ አየር ላይ ቆመ። ከተዘቀዘቀው ነዶ ሰሊጡ እየተንሿሿ ይወርዳል። እሷ እኔን ታያለች፣ እኔ እሷን። አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ምላሴ በዕድሜው አንድ ቀን ቁም ነገር ሠራ።

«አንቺ ተንኮለኛ!» አለች።

«ምን አልኩሽ?»

«ምንም አላልሽም። ተንኮልሽ እሱ ነው።» ወደ ድንኳኖቹ ዞር ብላ አየች። ሳሉ እስኪሰማ ጠበቀች፣ ተሰማ። ነዶውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «መቼ ነው የሚደገመው?»

«አሁን።»

«ዛሬ ዓርብ ነው፤ የክትባት ቀን አይደለም።»

«ብልቃጥ ይጣል» አልኳት። ቀሪውን አልተናገርኩም፤ የትዕግሥት ስለሆነ።

ማስተዋልን ራሴ አዝዬ ሄድኩ። ለአንዲት ልጅ አዲስ ብልቃጥ ከፈትሁ። ስወጋት ቆላው እስኪሰማ ጮኸች፤ ብርቄም ነጥቃኝ ደረቷ ላይ ለጥፋ አቀፈቻት። ታቀፈች፣ እንግዲህ እንደ ደጋው ሥርዓት። ብርቄ ስትመለስ በየእርሻው ዳር እየቆመች «ኧረ ልጆቻችሁን አንዴ ብቻ ነው ያራገፋችኋቸው!» እያለች ስትጮህ እስከ ጤና ጣቢያው ተሰማኝ። ከሰዓት በኋላ እናቶች መምጣት ጀመሩ፣ አንዳንዶቹ ፀጉራቸው ላይ ሰሊጥ እንዳለ። ከድንኳኖቹም መጡ፤ ካርድ የላቸውም፣ አልጠየቅኋቸውም። የመጨረሻው ብልቃጥ ሳያልቅ ሰዓቱ ደረሰና የቀረውን ጣልኩት። ወደ ዳንግላ የተላከው ሕፃን ተሽሎት እንደሆነ እስከ ማታ ወሬ አልደረሰንም፤ በማግስቱ መተንፈስ እንደቀለለው ሰማን።

እሑድ ትዕግሥት ደወለች። ከድንኳኖቹ አንዷ እናት ለዘመዷ ደውላ ኖሮ ነገሩ እንጅባራ ደርሷል።

«ሙሉዬ፣ ምን ብለሽ አመጣሻቸው?»

«ምንም አላልኩም፣ ራሳቸው ይመጣሉ።»

«ተይ እባክሽ! እኔ የእኔን አልነገርኩሽም?»

«ያንቺ ለድንች አገር ነው። የእኛ አንቺ ጋ አይበቅልም።»

እንደ ድሮው ልቧ ሊወጣ ደርሷል፣ አውቃታለሁ። «እውነቱን ልንገርሽ? ቀናሁብሽ» አለች።

ኔትወርኩ ጥርት ብሎ ነበር። አጠገቤ ሆና የተናገረችው ይመስል እያንዳንዷን ፊደል ሰምቻለሁ።

«አልተሰማኝም፣ ኔትወርክ ነው። ድገሚልኝ» አልኳት።

ደገመችልኝ።